የአህዮቹን አብዮት ማን ይምራ?

ጥያቄ፦ በአንድ አብዮት ላይ የሚሳለቅ አጭር ልብ ወለድ እየጻፍኩ ነው። ገጸ ባሕርያቱ በሙሉ እንስሳት ናቸው። አህዮች በጌታቸው ላይ ያምፃሉ፤ አመፁን የሚመራው ጅብ ነው፤ በመጨረሻም ጅቡ ይበላቸዋል። ረቂቁን ያነበበ ወዳጄ «እያንዳንዱ እንስሳ የትኛውን የታሪክ ሰው እንደሚወክል አንባቢ ካላወቀ ዋጋ የለውም» አለኝ። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። ገዢውን ብልህ እንስሳ፣ ተገዢውን ሞኝ እንስሳ ሳደርግ «ሕዝብ ለመገዛት ተፈጥሯል» እያልኩ አይደለም ወይ?

ምላሽ፦ ወዳጅዎ ካነሡት ነገር ይልቅ እርስዎን ያሳሰበዎት ይከብዳል፤ ግን የወዳጅዎን ሳንፈታ ወደ እርስዎ መሻገር አንችልም።

በዚህ ጉዳይ ስንነጋገር ሁላችንም ዞረን የምንመጣው ጆርጅ ኦርዌል በ1945 ወዳሳተመው «አኒማል ፋርም» ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠራው)። ላላነበበው ሰው ታሪኩ ይህ ነው፦ የአንድ የእንግሊዝ እርሻ እንስሳት ሰካራሙን ባለቤታቸውን ሚስተር ጆንስን አባርረው እርሻውን ይይዛሉ፤ አሳማዎቹ መሪ ይሆናሉ፤ ከአሳማዎቹም ናፖሊዮን የተባለው ተቀናቃኙን ስኖውቦልን አባርሮ ብቻውን ይገዛል፤ መጨረሻ ላይ አሳማውን ከሰው መለየት ያቅታል። መጽሐፉ በሩሲያ አብዮት ላይ የሚሳለቅ ስለሆነ የወዳጅዎ ዓይነት አንባቢ እንስሳቱን ከታሪክ ሰዎች ጋር የሚያዛምድ ሠንጠረዥ ያሰምራል። ናፖሊዮን የሶቪየቱ መሪ ስታሊን፣ ስኖውቦል ስታሊን ያባረረው ተቀናቃኙ ትሮትስኪ፣ ውሾቹ የምስጢር ፖሊስ፣ ቁራው ቤተ ክርስቲያን፣ ጎረቤቱ ፍሬድሪክ ሂትለር።

ሠንጠረዡ ስሕተት ነው አልልም። ኦርዌል ራሱ ይጠነቀቅበት ነበር። መጽሐፉ ወደ ማተሚያ ቤት ሊገባ ሲል ደብዳቤ ጽፎ ጥቂት ቃላት አስቀይሯል። እንስሳቱ የሠሩት የነፋስ ወፍጮ በጠላት ፈንጂ ሲጋይ ናፖሊዮን ጭምር እንስሳቱ ሁሉ በግንባራቸው ተደፉ ይል የነበረውን፣ ከናፖሊዮን በቀር ሁሉም ተደፉ አሰኘው። ጀርመኖች ወደ ሞስኮ ሲገሰግሱ ስታሊን ከተማዋን ለቅቆ አልሸሸምና በሚጠላው ሰው ላይ እንኳ ሐሰት መጻፍ አልፈለገም። ለአንዲት ሐረግ እንዲህ የሚጨነቅ ጸሐፊ ታሪኩን በደንብ አጥንቷል ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ሠንጠረዡ ይዞን ሩቅ አይሄድም። ሌኒን የት አለ? ሽማግሌው አሳማ ሜጀር ግማሹ ማርክስ፣ ግማሹ ሌኒን ነው ይባላል፤ የራስ ቅሉ ተቆፍሮ ወጥቶ እንስሳቱ በአክብሮት በፊቱ እንዲያልፉ መደረጉም የሌኒንን አስከሬን ያስታውሳል። ነገር ግን ሜጀር የሚሞተው ከአመፁ በፊት ነው። አብዮቱን የመራው፣ አገር የገዛው ሌኒን በእርሻው ላይ የለም። ድመቷስ ማን ናት? አይጦች «ጓድ» ይባሉ ወይስ አይባሉ በሚለው ላይ ድምፅ ሲሰጥ፣ ለሁለቱም ወገን ድምፅ ሰጥታ የተገኘችው ድመት የታሪክ ስም የላትም። ድመት ናት፣ በቃ። በእርሷ ውስጥ ስንት የሚያውቀውን ሰው እንዳየ ግን አንባቢው ለብቻው ይቁጠረው።

እኛ አማርኛ አንባቢዎች ለዚህ ነገር ሰምና ወርቅ የሚል ስም አለን። ስሙን ስንጠራ ከየት እንደመጣ ግን እንዘነጋለን። አንጥረኛ መጀመሪያ የሚሠራው በሰም ነው። ሰሙን በጭቃ ይለብጠዋል፣ በእሳት ያቀልጠዋል፣ ሰሙ ለቅቆ በሄደበት ጎድጓዳ ወርቁን ያፈስሳል። ወርቁ የሚይዘው ቅርፅ የሰሙን ነው፤ ሰሙ ላይ ጣት ከጎደለች ወርቁም ላይ ትጎድላለች። ወዳጅዎ የሚመክሩዎት ወርቁን አስቀድመው አፍስሰው ሰሙን ከላይ እንዲቀቡት ነው።

ኦርዌል የጀመረው ከሰሙ ነው። በ1947 ለወጣው የዩክሬንኛ ትርጉም በጻፈው መቅድም እንዳወጋው፣ ገጠር ሲኖር አሥር ዓመት የሚሆነው ልጅ አንድ ትልቅ የጋሪ ፈረስ በጠባብ መንገድ ላይ ሲነዳ አየ። ፈረሱ ሊዞር በሞከረ ቁጥር ልጁ ይገርፈዋል። እንዲህ ያሉ እንስሳት ጉልበታቸውን ቢያውቁ ኖሮ የሰው ልጅ ምን ሥልጣን ይኖረው ነበር ብሎ አሰበ። በዚያ ጠባብ መንገድ ላይ ስታሊን አልነበረም። የነበሩት ልጅ፣ አለንጋና ፈረስ ናቸው።

ረቂቅ ሳነብ የምጠቀምበት አንድ ፈተና አለኝ። ከዓመታት በፊት አንድ ወጣት ጸሐፊ ባመጣልኝ ጽሑፍ ውስጥ አንዲት ዶሮ አራት ገጽ ሙሉ ስለ ግብር ትናገር ነበር። እርሳስ አንሥቼ «ዶሮዋ» የሚለውን ሁሉ ሰረዝኩና የሰው ስም ተካሁበት። ምንም አልጎደለም፤ አንዲት ላባ እንኳ አልወደቀችም። እንግዲያው ከመጀመሪያውም ዶሮ አልነበረችም፤ የዶሮ ጭምብል ያጠለቀች ተናጋሪ ነበረች። ልጁ ተቀየመኝ። ደግ ያደረግሁ ይመስለኛል።

ይህችን ዶሮ ከኦርዌል ዶሮዎች ጋር ያስተያዩአት። ናፖሊዮን በሳምንት 400 እንቁላል ለውጭ ነጋዴ ለማቅረብ ይዋዋላል። ዶሮዎቹ ለመታቀፍ ሲዘጋጁ ነው ይህ የደረሰባቸው። ሰልፍ አይወጡም፣ አቤቱታ አይጽፉም። ወደ ጣሪያው ወራጅ እየበረሩ ይወጡና እዚያው ላይ ሆነው ይጥላሉ፤ እንቁላሉ እየወደቀ መሬት ላይ ይፈረከሳል። ናፖሊዮን ቀለባቸውን ያስቆማል። አምስት ቀን ጸንተው በመጨረሻ ወደ ጎጇቸው ይመለሳሉ። በመሃሉ ዘጠኝ ሞተዋል፤ በበሽታ ሞቱ ተባለ። ታሪክ የሚያውቅ አንባቢ የሶቪየት ገበሬዎች በ1929 እና በ1930 ከብቶቻቸውን ለጋራ እርሻ ከማስረከብ ይልቅ አርደው መጨረሳቸው ትዝ ይለዋል። የማያውቀውም አይቸገርም። የምትታቀፈውን እንቁላል ከጣሪያ ላይ የምትለቅ ዶሮ ምን ላይ እንደደረሰች ለመረዳት የታሪክ መጽሐፍ አያሻም። እዚያ ላይ ዶሮዋን በሰው ስም ይተኩና ይሞክሩት፤ ትዕይንቱ ይፈርሳል።

መፈክሩም እንዲሁ ከእንስሳ አካል ጋር ሲጋጭ ነው የሚያስቀው። አራት እግር ያለውን የሚያመሰግን፣ ሁለት እግር ያለውን የሚያወግዝ መፈክር ሲወጣ ወፎቹ ቅር አላቸው፤ እነርሱም ባለ ሁለት እግር ናቸውና። ስኖውቦል ክንፍ የመብረሪያ እንጂ የመሥሪያ አካል ስላልሆነ ከእግር ይቆጠራል ብሎ አስረዳቸው። ረጃጅሞቹ ቃላት አልገቧቸውም፤ ማብራሪያውን ግን ተቀበሉ። ስለ ካድሬ ትምህርት ብዙ ተጽፏል፤ እንደዚህች አንድ አንቀጽ ያለ ግን አላጋጠመኝም።

አሁን ወደ እርስዎ ጥያቄ።

የጥንቱ የእንስሳት ተረት የቆመው ተፈጥሮ አይለወጥም በሚል ምሰሶ ላይ ነው። የኤዞፕ ቀበሮ ትናንትም ዛሬም ብልጣ ብልጥ ናት። ኢብን አል ሙቀፋዕ በ8ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ዓረብኛ በመለሰው «ከሊላ ወዲምና» ውስጥ አንበሳው ንጉሥ ነው፣ ቀበሮው ሸረኛ ባለሟል ነው፣ በሬው የዋህ ነው። እንዲህ ያለው ተረት ለነገሥታት ምክር ሆኖ ዘመናት የኖረው ማንንም ከቦታው ስለማይነቀንቅ ይመስለኛል። አብዮት ደግሞ የተቃራኒውን ይላል፤ ጌታው ጌታ ሆኖ አልተወለደም፣ ሎሌውም ሎሌ ሆኖ አልተወለደም። ስለዚህ አብዮትን በእንስሳት ተረት የሚጽፍ ሰው የሚዋጉ በሬዎችን በአንድ ቀንበር ጠምዶ እንደሚያርስ ገበሬ ነው። ሥጋትዎ ከዚያ የመጣ ነው፤ ትክክለኛ ሥጋት ነው።

በ1944 ባለቅኔው ቲ. ኤስ. ኤሊየት በሚሠራበት አሳታሚ ድርጅት ስም የኦርዌልን ረቂቅ ሲመልስ ያቀረበው ክርክር የእርስዎን ይመስላል። አሳማዎቹ ከሌሎቹ ይልቅ አስተዋዮች ስለሆኑ እርሻውን ለማስተዳደር የሚገባቸው እነርሱ ናቸው፤ የጎደለው ለሕዝብ የሚያስቡ አሳማዎች ናቸው አለ። ሌሎቹ ምክንያቶች ከዚህ ጋር ሲታዩ ቀላል ናቸው። አንዱ አሳታሚ ከማስታወቂያ ሚኒስቴር ባለሥልጣን ጋር ተማክሮ ገዢዎቹ ከአሳማ ሌላ ቢሆኑ ይሻላል፣ ሩሲያውያን ይቀየማሉ አለ፤ ሶቪየት ኅብረት በጦርነቱ የእንግሊዝ አጋር ነበረች። አንድ የአሜሪካ አሳታሚም የእንስሳት ታሪክ በአገሬ አይሸጥም ብሎ መለሰው። የኤሊየት ግን መልስ የሚፈልግ ነው፤ አሳማ ብልህ ሆኖ ከተፈጠረ ቢገዛ ምን ይገርማል?

መልሱ በመጽሐፉ ውስጥ ተበትኖ ይገኛል፤ ለቅመን እንየው። አሳማዎቹ ማንበብ የቻሉት የጆንስ ልጆች ከተማሩበት በኋላ ቆሻሻ ላይ ከተጣለ አሮጌ የፊደል መጽሐፍ ነው፤ ሦስት ወር ተቀምጠው አጥንተውታል። ውሾቹስ? ናፖሊዮን ዘጠኝ ቡችሎችን ጡት እንደጣሉ ከእናቶቻቸው ነጥቆ ማንም በማይደርስበት ቆጥ ላይ ለብቻቸው ያሳድጋል። ሌሎቹ እንስሳት ይረሷቸዋል። አንድ እሑድ በስብሰባ መሃል የነሐስ ጉጥ ያለው ማነቂያ ያጠለቁ ዘጠኝ ግዙፍ ውሾች እያጓሩ ይገባሉ፤ ስኖውቦል ነፍሱን ለማዳን ይሮጣል። ከዚያ በኋላ ናፖሊዮን አጠገብ ቆመው ጅራታቸውን ይቆላሉ፤ የቀድሞዎቹ ውሾች ለጆንስ ይቆሉ በነበረው ዓይነት። ጭካኔው ከእናታቸው ጡት አልመጣም፤ ከቆጡ ነው የመጣው። ወደ መጨረሻ ደግሞ 31 ግልገል አሳማዎች ይወለዳሉ፣ ትምህርት ቤት ሊሠራላቸው ይታሰባል፣ ከሌሎች እንስሳት ልጆች ጋር እንዳይጫወቱም ይመከራሉ። መደብ ሲሠራ እያየን ነው፤ የሚሠራ ነገር ደግሞ ተፈጥሮ አይደለም።

ከሁሉ የምወደው ማስረጃ ወተቱ ነው። ጆንስ በተባረረ ማግስት ላሞቹ ይታለባሉ፣ አምስት ባልዲ ወተት አረፋ ደፍቆ ይቆማል፣ እንስሳቱ ዓይናቸውን ይጥሉበታል። ናፖሊዮን ባልዲዎቹ ፊት ይቆምና ስለ ወተቱ አታስቡ፣ አዝመራው ይበልጣል ብሎ ወደ ማሳ ይሰዳቸዋል። ማታ ሲመለሱ ወተቱ የለም። ጥቂት ቆይቶ ወተቱም የወደቀው ፖምም የአሳማዎቹ መሆኑ ይታወቃል፤ ቃል አቀባዩ ስኩዊለር ይቆምና እኛ የምንበላው ወደን አይደለም፣ የአእምሮ ሠራተኞች ስለሆንን ለእናንተው ብለን ነው፣ እኛ ከደከምን ጆንስ ይመለሳል ይላል። ዝም ይባላል። ኦርዌል በ1946 ለአንድ አሜሪካዊ ወዳጁ ሲጽፍ የታሪኩ መዞሪያ ይህች ቦታ መሆኗን፣ እንስሳቱ ያን ጊዜ እምቢ ቢሉ ኖሮ ነገሩ እንደማይበላሽ ነግሮታል። በታሪክ በኩል ያሰበው በ1921 የሶቪየት መንግሥት የቀጠቀጠውን የክሮንስታድት መርከበኞች አመፅ ነበር። እምቢ ማለት ይቻል ነበር ካለ ተፈጥሮ አልወሰነችባቸውም ማለት ነው።

ቀጥሎ የምለው ረቂቅዎን በቀጥታ ይነካል። አሳማ ማን ነው? አዳኝ አይደለም፤ የእርሻ ከብት ነው፣ እንደ በጉና እንደ ዶሮው ታራጅ ነው። ሜጀር በመጀመሪያው ንግግሩ ወጣቶቹን አሳማዎች ዓመት ሳይሞላችሁ ትታረዳላችሁ ይላቸዋል። ገዢው ከታራጆቹ መሃል የወጣ መሆኑ ነው ታሪኩን መራራ የሚያደርገው። ተኩላ ቢሆን ኖሮ ማን ያዝን ነበር?

የሚኻይል ቡልጋኮቭ «የውሻ ልብ» በሌላ በር ይገባል። በ1925 የተጻፈው ይህ ልብ ወለድ ውስጥ አንድ የሞስኮ ፕሮፌሰር የመንገድ ውሻ ይዞ የሞተ ወንጀለኛ ዕጢ ይተክልበታል። ውሻው ሰው ይሆናል፣ ይጠጣል፣ ይሳደባል፣ መታወቂያ ያወጣል፣ ከዚያም ድመቶችን ከከተማዋ በሚያስወግድ መሥሪያ ቤት ሹም ይሆናል። የድሮው ጥላቻው የመንግሥት ሥራ ሆነለት! ግን ልብ ይበሉ፤ ፕሮፌሰሩ በመጨረሻ የሚያለቅሰው ውሻነቱ ስላልለቀቀው አይደለም። ውሻውማ ደግ ነበር፤ የሚያስፈራው የተተከለበት የሰው ልብ ነው ይላል። እዚህ እንስሳው ከሰውየው ይሻላል፤ ገጸ ባሕርይን ከእንስሳ ተፈጥሮ ጋር ማጣበቅ እንደማያስፈልግ ከዚህ የተሻለ ማሳያ የለኝም።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልበል። እንስሳ ከሳንሱር ይሸፍናል የሚባለውን ብዙ አይመኑት። የቡልጋኮቭን ጽሑፍ የጸጥታ ሰዎች በ1926 ከቤቱ ወሰዱት፤ በአገሩ የታተመው በ1987 ነው። ሳንሱር የሚያደርግ ሰው ሞኝ አይደለም። እንስሳው የሚያደርገው ሌላ ነው፤ ሳንሱሩን «ይህ አሳማ የእኛ መሪ ነው» ብሎ በራሱ አፍ እንዲናገር ያስገድደዋል። የእንግሊዙ ባለሥልጣን የተናገረው ከዚህ አይርቅም።

የተፈጥሮን ጉዳይ የዘነጋ ሰው ምን እንደሚያበላሽ ለማየት ደግሞ በ1954 የወጣውን የ«አኒማል ፋርም» የካርቱን ፊልም ይመልከቱ። ገንዘቡ በስውር የመጣው ከአሜሪካ የስለላ ድርጅት ከሲ.አይ.ኤ. ነበር፤ መጨረሻውም ተቀየረ። በፊልሙ እንስሳቱ ተነሥተው አሳማዎቹን ይገለብጣሉ። ደስ ይላል፤ አሳማ ክፉ ዘር ነው፣ ዘሩ ከተወገደ ሁሉም ደህና ይሆናል ማለቱ ነው። መጽሐፉ ግን የሚያበቃው እንስሳቱ በመስኮት አሻግረው ከአሳማ ወደ ሰው፣ ከሰው ወደ አሳማ እያዩ መለየት ሲያቅታቸው ነው። የጥንቱ ተረት ምሰሶ እዚያች መስኮት ላይ ይሰበራል። በተረት ውስጥ ፈጽሞ መለወጥ የማይገባው ነገር፣ የእንስሳው ዓይነት፣ ተለወጠ።

በቅርብ ጊዜ በዚምባብዌያዊቷ ኖቫዮሌት ቡላዋዮ የተጻፈውና በ2022 የወጣው «ግሎሪ» የሙጋቤን መውደቅ በእንስሳት ይተርካል። በዚያ ዓለም ሰው የሚባል የለም፤ ፈረሱም ፍየሏም ልብስ ይለብሳሉ፣ ስልክ ይይዛሉ። ኃይሉ በሕዝቡ የወሬና የዝማሬ ድምፅ ላይ ነው እንጂ በእንስሳቱ አካል ላይ አይደለም። የእኔን የእርሳስ ፈተና በብዙ ገጾች ላይ አያልፍም ብል ደፋር አያሰኘኝም፤ ግን መጽሐፉን እወደዋለሁ፤ ፈተናዬም ሕግ አይደለም።

አሁን ጅብዎ። ረቂቅዎ የሚወድቀው ሕዝብን ስለሚንቅ አይደለም፤ ጅብ ስለመረጡ ነው። ጅብ አህያ እንደሚበላ ሕፃን ያውቃል። አንባቢ በመጀመሪያው ገጽ ላይ መጨረሻውን ስለሚያውቅ የሚጠብቀው ሰዓቱን ብቻ ነው። አህዮቹም በእርግጥ ሞኝ ይሆናሉ፤ ጅብን መሪ ያደረገ አህያ ሌላ ምን ይባላል? የፈሩትን ነገር ያመጣው ይህ ምርጫ ነው።

እኔ ብሆን በቅሎ አደርጋታለሁ። በቅሎ፣ አባትሽ ማን ነው ቢሏት፣ እናቴ ፈረስ ናት አለች ይባላል፤ ግማሽ ታሪክዎ በዚህች ተረት ውስጥ ተጽፎ ተቀምጧል። ጭነት ታውቃለች፣ ጀርባዋ ተልጧል፣ አህዮቹ በእርሷ ቢያምኑ ማንም ሞኝ አይላቸውም። በአመፁ ማግስት አባቷ አህያ መሆኑን በኩራት ትናገር፤ ሁለተኛው ዓመት ላይ ነገሩ ከንግግሯ ይጥፋ፤ ሦስተኛው ዓመት ላይ ያነሣው አህያ ይጠየቅበት። አህዮቹንም አንድ ዓይነት አያድርጓቸው። አንዷ ወተቱ የት ገባ ብላ የምትጠይቅ ትሁን፣ ባትሰማም ትጠይቅ። ደግሞ በቅሎ አትወልድም፤ ተተኪዋ ማን ይሁን የሚለው ጣጣ ሁለተኛውን ክፍል ይጽፍልዎታል።

ጅቡን ግን አይጣሉት። ከአጥሩ ውጭ ያቁሙት። ጌታው ከተባረረ በኋላ አህዮቹ ስለ ገብሱ ማጉረምረም ሲጀምሩ ሌሊት ሌሊት ይጩኽ፣ በቅሎዋም ጠዋት ጠዋት «ሰምታችኋል አይደል?» ብላ ትጠይቃቸው። ከዚያ አንድ ሌሊት ያቺ ጠያቂ አህያ እንቅልፍ አጥታ ወደ አጥሩ ትጠጋና ጩኸቱ ከውጭ ሳይሆን ከጋጣው ጀርባ፣ በቅሎዋ ከምታድርበት በኩል እንደሚመጣ ትስማ።